አትግፋ፣ አትልቀቅ

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ጣሉኝ። “ጣሉኝ” ማለትም ይከብዳል፤ ራሴው ነኝ የሄድኩላቸው። በቻይናዋ ቸንግዱ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲያችን ጀርባ ባለ መናፈሻ፣ ጠዋት ጠዋት ታይቺ የሚባለውን በዝግታ የሚሠራ የቻይና የትግል ጥበብ የሚሠሩ ጡረተኞች ይሰበሰባሉ። ወደ ክፍል ሳልፍ ቆም ብዬ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ በእጃቸው ጠሩኝ። ቻይናዎች በዕድሜ ከፍ ያለችን ሴት “አዪ” ይሏታል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። ለእኔ አዪ ናቸው።

አዪ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉና የእጄን አንጓ ከእሳቸው አንጓ ጋር አገጣጠሙ። “ግፋ” አሉኝ። ቁመታቸው ደረቴ ጋ ቢደርስ ነው። አፈርኩ፤ በስሱ ገፋሁ። “ኧረ ግፋ!” አሉኝ። እሺ ብዬ በደንብ ገፋሁ። እጃቸው የነበረበት ቦታ ላይ የለም። ወገባቸውን ትንሽ ዞር ከማድረግ በቀር ምንም አላደረጉም። እኔ ግን ተንደርድሬ ሄጄ አግዳሚ ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

እስከዚህ ያለውን የኩንግፉ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ይገምተዋል። እኔን የከነከነኝ ቀጥሎ የሆነው ነው።

“ገባኝ” ብዬ ተመለስኩ። መግፋት አያዋጣም ማለት ነው። ያኔ የጥንቱን የቻይና ጠቢብ የላኦትሱን መጽሐፍ ማንበብ ጀማምሬ ስለነበር፣ ለስላሳው ጠንካራውን ያሸንፋል የሚለው ትዝ አለኝ። እጄን አላላሁት። ትከሻዬን ጣልኩ። ሲገፉኝ ዝም ብዬ ልሄድላቸው ነው። አዪ አንጓቸውን አንጓዬ ላይ አሳርፈው ትንሽ ጠበቁ። የሆነ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ በመዳፋቸው ደረቴን ነካ ሲያደርጉኝ፣ ወንበሩ ላይ ዘጭ። የአሁኑ ከበፊቱም ቀለላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጡጫቸውን ጨብጠው አንድ ነገር ተናገሩ። ቀጥለው እጃቸውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ቁልቁል ጥለው ሌላ ነገር ተናገሩ። ለሁለቱም “አይሆንም” የሚል ምልክት አሳዩኝ።

ምን እንዳሉ በኋላ የክፍል ጓደኛዬ አስረዳኝ። ይህ የሁለት ሰው ልምምድ ቱይሾው ይባላል። ሁለት ጥፋቶች አሉት። አንዱ “ዲንግ” ነው፤ ኃይልን በኃይል መግጠም። ሁለተኛው “ዲዩ” ነው፤ ለቅቆ መሄድ፣ ግንኙነቱን መጣል። ታይቺ ተማሪው ላይ ከሚደጋገሙት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ አትግጠም፣ አትልቀቅ። እኔ በአንድ ጠዋት ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ግን ከሁለቱ ውጭ ምን ቀረ? መግፋት ካልሆነ፣ መተውም ካልሆነ፣ ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል?

ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም

ታኦይዝም፣ ማለትም የእነ ላኦትሱ ትምህርት፣ ወደ እኛ የሚመጣው በአብዛኛው በስልክ ነው። ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ አንድ አባባል። “ተወው”፣ “አትጨነቅ”፣ “ከወንዙ ጋር ፍሰስ”። ግማሹ “ታኦ ቴ ቺንግ” በሚባለው የላኦትሱ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ነው። መጽሐፉ ራሱ ትንሽ ነው፤ 81 ምዕራፍ፣ 5 ሺህ ገደማ የቻይና ፊደል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ላኦትሱ በአገሩ ተስፋ ቆርጦ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የድንበር ኬላ ጠባቂው ያዘው። “የምታውቀውን ሳትጽፍልኝ አታልፍም” አለው። ጽፎ ሰጠውና ሄደ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ጽሑፉን በኬላ ጠባቂ ግዳጅ የጻፈ ሰው “አትጨነቅ” ብሎ ይመክረኛል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

መጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ዉ-ዌይ የሚባል ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው “አለማድረግ” ይለዋል። እኔ ምን እንደሆነ ከገጹ ይልቅ የገባኝ ወንዝ ዳር ነው።

ከቸንግዱ ብዙም ሳይርቅ ዱጂያንግየን የሚባል ቦታ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 ዓመት ገደማ፣ የቺን መንግሥት የሾመው ገዥ ሊ ቢንግ፣ ሚን የሚባለውን ወንዝ እዚያ ላይ ገራው። ወንዙን የሚያቆም ግድብ ግን አልሠራም። መሐል ወንዙ ላይ እንደ ዓሣ አፍ የሾለ ካብ አቁሞ ውሃውን ለሁለት ከፈለው። ወደ እርሻው የሚሄደው መስመር ጠባብና ጥልቅ ነው። ሌላው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው። ውሃው ሲያንስ ወደ ጥልቁ ስለሚያደላ 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻው ይገባል። ጎርፍ ሲመጣ ግን ሰፊው መስመር አብዛኛውን ይጠልፈውና ወደ እርሻው የሚገባው 40 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። በጥንቱ አሠራር በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አልነበረም። ዓሣ አፉ ላይ ቆሜ ውሃው ሲለያይ ሳይ አዪ ወገባቸውን ያዞሩት ነገር ታየኝ።

ታዲያ ይህ ሁሉ በዝምታ የመጣ አይደለም። ውሃውን ወደ ሜዳው ለማስገባት ተራራ መሰንጠቅ ነበረባቸው። ባሩድ ገና የለም። (ባሩድን በኋላ ያገኙት ሞትን የሚያስቀር መድኃኒት ሲቀምሙ የነበሩ የታኦይስት ቀማሚዎች እንደሆኑ ይታመናል። ለዘላለም ሊኖሩ ፈልገው ያገኙትን ተመልከቱ።) ዓለቱን በእሳት እያጋሉ፣ ውሃ እየቸለሱበት፣ ሲሰነጠቅ እየፈለፈሉ 8 ዓመት ፈጀባቸው ይባላል። ያም አልበቃም። በየዓመቱ በብርዱ ወራት ወንዙ ሲጎድል ደለሉ ይጠረግ ነበር። ከወለሉ ሥር ብረት ተቀብሯል። ጠራጊዎቹ ብረቱ እስኪገኝ መቆፈር አለባቸው። በአጠገቡ ያለው የታኦይስቶች መቅደስ ግድግዳ ላይ ስድስት ፊደላት ተቀርጸዋል፦ “ወለሉን በጥልቀት ጥረግ፣ ካቡን ዝቅ አድርገህ ሥራ።” ሊ ቢንግ የመንግሥት ሹም እንጂ ታኦይስት ነበር አልተባለም። ታኦይስቶቹ ግን የእኛ ነገር ነው ብለው ያወቁት ይመስለኛል። ወንዙን አልገጠመውም። ወንዙን አልለቀቀውምም። በየዓመቱ አንጓውን ይነካዋል።

እኛ ስለ ውሃ ያለን አስተያየት ጥርጣሬ የበዛበት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንላለን። ላኦትሱ ያንኑ ውሃ ያደንቀዋል። ከውሃ የሚለሰልስ የለም፤ ጠንካራውን ለማሸነፍ ግን የሚተካከለው የለም ይላል። ሳስበው ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። የእኛ ተረት የሚናገረው ከሚወሰደው ሰው ወገን ሆኖ ነው፤ ላኦትሱ ከውሃው ወገን ሆኖ ነው። እዚያው ላይ አንድ የምወዳት ማጉረምረም አለችው፦ ይህን በዓለም ላይ የማያውቅ የለም፤ የሚሠራበት ግን የለም።

ቢላዋው የሚዘገይበት ቦታ

ሌላው የጥንት ታኦይስት ጠቢብ ዡዋንግዚ ከላኦትሱ ይልቅ ለእኛ ሰው የሚቀርብ ይመስለኛል። ጨዋታ ያውቃል። በንጉሥ ያሾፋል፣ ዛፍ ያናግራል። ከታሪኮቹ ሁሉ ታዋቂው የወጥ ሠሪው የዲንግ ታሪክ ነው (ስሙ ነው፤ ከቱይሾው ጥፋት ጋር አይገናኝም)። ዲንግ በመስፍኑ በዌንሁይ ፊት በሬ ይበልታል። እጁ፣ ትከሻው፣ ጉልበቱ ሁሉ እንደ ዘፈን ይሄዳል። መስፍኑ ይደነቃል። ዲንግ ያስረዳል፦ መጀመሪያ ላይ የማየው በሬውን ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሙሉ በሬ ማየት ተውኩ። አሁን በዓይኔ አላይም። ጎበዝ ወጥ ሠሪ በዓመት አንዴ ቢላዋ ይቀይራል፤ ስለሚቆርጥ። ተራው በወር በወር ይቀይራል፤ ስለሚሰብር። የእኔ ቢላዋ 19 ዓመቱ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር በሬ ብልት አውጥቷል፤ ስለቱ ግን ዛሬ ከሞረድ የወጣ ይመስላል። በመጋጠሚያው መካከል ክፍተት አለ፤ ስለቱ ደግሞ ውፍረት የለውም።

የበዓል ቅርጫ ላይ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። ለሥራው አዲስ የሆነው ጎረምሳ ቶሎ ወደ መጥረቢያ ይሄዳል። አጥንቱ ይሰባበራል፤ ፍንካቹ በየመደቡ ይገባል፤ በኋላ ጥርስ ይሰብራል። አዋቂው ግን እግሩን በግራ እጁ ይዞ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዘዋል። የሚያዳምጥ ይመስላል። ከዚያ ቢላዋውን በጫፉ ሰደድ ያደርገዋል፤ ታፋው ራሱ ይለቃል።

ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ያንን ዘፈን የመሰለውን ክፍል ነው። አሠልጣኞች “ሥራህ ውስጥ ጥፋ” ለማለት ይጠቅሱታል። እኔ የማነበው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ዲንግ እንዲህ ይላል፦ ሆኖም የተወሳሰበ ቦታ በደረስኩ ቁጥር አስቸጋሪነቱን አያለሁ። እጠነቀቃለሁ፣ እፈራለሁ። ዓይኔ አንድ ቦታ ይቆማል። እጄ ይዘገያል። ቢላዋው የሚንቀሳቀሰው በጣም ጥቂት ነው። ከዚያ ድንገት ሁሉም ነገር ይፈታል፤ አፈር መሬት ላይ እንደሚወድቅ።

ይፈራል! 19 ዓመት የሠራ ሰው። ከዚህ ወዲያ ዉ-ዌይን “ዘና በል” ብሎ መተርጎም አልቻልኩም። ላኦትሱም በ63ኛው ምዕራፍ ተመሳሳይ ነገር አለው፦ ጠቢብ ነገሩን ከባድ አድርጎ ያየዋል፤ ስለዚህ አይከብደውም። አዪም ደረቴን ከመንካታቸው በፊት ትንሽ የጠበቁት ለዚህ ይመስለኛል። እጃቸው ክፍተቱን እየፈለገ ነበር። እኔ ዘና ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን በሙሉ ልባቸው እዚያ ነበሩ።

አዪ ከዚያ በኋላ መግፋት ከለከሉኝና “ቁም” አሉኝ። ዣን ጁዋንግ ይሉታል። እግር በትከሻ ልክ ይከፈታል፣ ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል፣ ክንድ ዛፍ እንዳቀፈ ሰው ከፊት ይከበባል። ከዚያ ምንም የለም። ቆመህ ትቀራለህ። መጀመሪያ ትከሻ ያቃጥላል። ቀጥሎ ጭን ይንቀጠቀጣል። የሚገርመው ግን ሰውነት ጭራሽ ሳያስፈልገው የጨበጠው ነገር ብዛት ነው። መንጋጋዬን ለምን ነክሻለሁ? የእግር ጣቶቼ መሬቱን ለምን ይቧጥጣሉ? አዪ እየዞሩ በአንድ ጣት ይነካሉ፤ እዚህ ፍታ፣ እዚህ ደግሞ አትልቀቅ። አንድ ሰውነት ውስጥ ሁለቱም ጥፋቶች በአንድ ጊዜ አሉ።

እህቴ ይህን ስነግራት “ጣዖት ነው እንዴ?” አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታኦይዝም ሃይማኖትም ነው። በ142 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጃንግ ዳኦሊንግ የሚባል ሰው እዚያው ቸንግዱ ባለችበት በሲቹዋን ከመሠረተው ወዲህ ካህናት፣ አማልክት፣ ዕጣንና መቅደስ ያለው ሃይማኖት ነው። ቺንግቸንግ ተራራ ላይ ወጥቼ መቅደሶቹን አይቻለሁ፤ ዕጣን አላጨስኩም። የዡዋንግዚ ታሪኮች ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማሉ። ለማንበብም፣ መናፈሻ ውስጥ ለመቆምም ማተብ መበጠስ አያስፈልግም።

የእናቴ ክኒን

ይህን ሁሉ ወደ ራሴ ቤት ያመጣው የእናቴ የደም ግፊት ነው።

ክኒኗን የምትወስደው ጠዋት ነበር። በጾም ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አፏ አይገባም። ቅዳሴ ቆይታ ትመጣለች፣ ትቀምሳለች፣ ክኒኑ ይረሳል። የንስሐ አባቷ መድኃኒት መውሰድ እንደምትችል ነግረዋታል። “እሳቸው ለእኔ አዝነው ነው” ትላለች።

እህቴ አሜሪካ ናት። የእሷ ዘዴ መደወል ነው። “ወሰድሽ? አሳዪኛ! ብልቃጡን ወደ ካሜራው አምጪው!” በቪዲዮ ክኒን ታስቆጥራለች። እናቴም ብልህ ናት፤ የዕለቱን ክኒን ከብልቃጡ አውጥታ መሶቡ ሥር ታስቀምጠዋለች። ቁጥሩ ልክ ይመጣል። ወንድሜ አብሯት ነው የሚኖረው። የእሱ አቋም ሌላ ነው። “ትልቅ ሰው ናት፤ ተዋት። ዕድሜ ልኳን ስትጾም ኖራ አሁን ልናስተምራት ነው?” ሲሰሙት ከሦስታችንም ታኦይስቱ እሱ ይመስላል። አዪ ቢያገኙት ወንበሩ ላይ ዘጭ ያደርጉት ነበር።

ስለ ጾም ዡዋንግዚ አንድ ታሪክ አለው። የታዋቂው የቻይና መምህር የኮንፊዩሸስ ደቀ መዝሙር የን ኹይ፣ ሕዝቡን የሚያስለቅስ አንድ ወጣት ገዥ አለ ሲባል ሰምቶ ሄጄ ልምከረው ይላል። ኮንፊዩሸስ “ሄደህ ትገደላለህ እንጂ አትመልሰውም” ይለዋል። የን ኹይ ዘዴውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ቀና ሆኜ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ በአንድ ልብ እተጋለሁ። ካልሆነ በውስጤ ቀጥ ብዬ በላዬ እታጠፍለታለሁ። ኮንፊዩሸስ ሁሉንም ይጥልበታል። በመጨረሻ “ጹም” ይለዋል። የን ኹይ “ቤታችን ድሃ ነው፤ ሥጋና ጠጅ ከቀመስኩ ወራት ሆነኝ፤ ይህ ጾም አይደለም?” ይላል። “እሱ የመሥዋዕት ጾም ነው፤ የልብ ጾም አይደለም።” የልብ ጾም ምንድን ነው? በጆሮህ አትስማ፣ በልብህ ስማ። በልብህም አትስማ፣ በእስትንፋስህ ስማ። እስትንፋስ ባዶ ነው፤ የሚመጣውን ይጠብቃል።

ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን እየተባለ ሲዜም ያደገ ሰው እዚህ ላይ ባዕድነት አይሰማውም። ግን ልብ ያልኩት ሌላ ነው። የን ኹይ ሰው ሊያርም ነው የሚሄደው። መካሪው የነገረው፣ ሌላውን ለማረም ከመነሳትህ በፊት ያዘጋጀኸውን ንግግር ባዶ አድርገው ነው። እህቴ ከመደወሏ በፊት ንግግሯ አልቋል። ወንድሜ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

ጎረቤታችን እትዬ ግን ሰምተዋል። ጠጅ ሳር ጎዝጉዘው ቡና ላይ ሲቀመጡ እናቴ ስለ ክኒኑ የምትለውን ለዓመታት ሲሰሙ ኖረዋል። እሳቸውም ግፊት አለባቸው። አንድ ዐቢይ ጾም ላይ፣ ማታ፣ ክኒናቸውን በሶፍት ጠቅልለው መጡ። “ብቻዬን መዋጥ ሰለቸኝ። ነይ አብረን እንዋጥ” አሏት። ይኸው ነው። እናቴ ክኒኗ የጠዋት እንደሆነ ተናገረች። እትዬ “እሺ፣ ሐኪሙን ጠይቂልኝ፤ ማታ ቢሆን ምን አለበት?” አሉ። ወንድሜ ይዟት ሄደ። ሐኪሙ ለእሷ ዓይነት መድኃኒት ማታ መሆኑ ችግር የለውም አለ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሁለት ሴቶች አንድ ጣሳ ውሃ ይዘው ይቀመጣሉ።

ይህን በስልክ የሰማሁት የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ነው። ያሰብኩት ዲንግን ነበር። ቤተሰባችን ዓመት ሙሉ አጥንቱ ላይ መጥረቢያ ሲያወርድ፣ ወይም መጥረቢያውን ጥሎ ሲሄድ፣ እትዬ በሁለት ነገሮች መካከል ክፍተት አገኙ። ጾሙን አልነኩትም። ክኒኑን አልተዉትም። ከጾሙና ከእንቅልፍ መካከል ባዶ የሆነች ሰዓት ነበረች።

አንድ የምከራከረው ነገር ግን አለኝ። የዲንግ በሬ የሞተ ነው። መጋጠሚያው ቦታውን አይቀይርም። እናት ትቀይራለች። ለዚህ ነው ከመጽሐፉ ይልቅ የቱይሾው ልምምድ እውነት የሚመስለኝ፤ ያኛው እጅም እያዳመጠህ ነው። በ1222 (እ.ኤ.አ.) ጀንጊስ ካን ቺዩ ቹጂ የሚባለውን ሸምገል ያለ የታኦይስት መነኩሴ ከቻይና አስጠርቶ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን በሚባለው አገር ተራሮች አጠገብ ተቀብሎታል። “ሞትን የሚያስቀር መድኃኒት አምጥተሃል?” አለው። መነኩሴው “ዕድሜን የሚጠብቅ መንገድ አለ፤ ሞትን የሚያስቀር መድኃኒት የለም” ብሎ መለሰለት። ዓለምን ያንቀጠቀጠውን ሰው ፊት ለፊት አልገጠመውም፤ ሊያስደስተው ሲልም እውነቱን አልለቀቀም። ካኑ አልተቆጣም፤ በክብር ሸኘው። እንደኔ ግምት ካኑም በበኩሉ እያዳመጠ ነበር።

ባለፈው በጋ አገር ቤት ገብቼ፣ ማታ እትዬ ክኒናቸውን ውጠው ከሄዱ በኋላ፣ እናቴን ጠየቅኳት። “እማዬ፣ እትዬ ብልጥ ናቸው አይደል? አሳምነው አስዋጡሽ።”

ጣሳውን እያለቀለቀች ነበር። “እሷ? እሷ እኮ ረሺ ናት። እኔ ካልዋጥኩ አትውጥም። ለእሷ ብዬ ነው እንጂ” አለችኝ።